ያልተሳሳተውን አርሞ የተሳሳተውን ማለፍ፦ ስለ እንግሊዝኛ ስህተቶች ለቀረበው ጽሑፍ ምላሽ

በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮች ላይ በብዛት የሚሠሩ ስህተቶችን ያርማል የተባለ ባለ ዘጠኝ ነጥብ ጽሑፍ በአማርኛ ወጥቶ ብዙ አንባቢ ሲቀባበለው ሰንብቷል። የጸሐፊው ሐሳብ መልካም ነው፤ አቀራረባቸውም አያደናግርም። ይሁን እንጂ ከዘጠኙ ነጥቦች አራቱ ስህተት ያልሆነን ነገር ይከለክላሉ፤ ሦስቱ የተሳሳተ ሕግ ያስተምራሉ፤ አንዱ ግማሽ እውነት ነው። ሙሉ በሙሉ የምንስማማው በመጨረሻው ብቻ ነው።

የሰዋስው ሕግ በተሰጠው ምሳሌ ላይ መሥራቱ ብቻ አይበቃም፤ ተማሪው ነገ በሚገጥመው አዲስ ዐረፍተ ነገር ላይም ሊሠራለት ይገባል። ደግሞም አማርኛ ተናጋሪ በእንግሊዝኛ ከሚሠራቸው ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከአማርኛው ነው። ጽሑፉ ይህን አንድም ቦታ አላነሣም። በራሱ ቅደም ተከተል እንየው፤ የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፈናቸዋል።

ጽሑፉ ሲጀምር «ስሙ በአናባቢ ፊደል ከጀመረ "አን"፣ ካልጀመረ "ኤ" ይቅደመው» ይላል። በዚህ ሕግ የሄደ ሰው «አን ዩኒቨርሲቲ» ብሎ ይጽፋል፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በአናባቢ ፊደል ይጀምራልና። ሰዓት ለማለትም «ኤ አወር» ይላል፤ ያ ቃል ደግሞ ሲጻፍ የሚጀምረው በማይነበብ «ኤች» ነው። ሁለቱም ስህተት ናቸው። የሚወስነው ድምፁ ስለሆነ «ኤ ዩኒቨርሲቲ»፣ «አን አወር» ይባላል።

እዚህ ላይ የራሳችን ፊደል ጥሩ መፈተኛ ይሆናል። ቃሉን እንደሚነበበው በግዕዝ ፊደል ጻፉት። የመጀመሪያው ፊደል ከ«አ» ቤት ከሆነ (አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኤ፣ እ፣ ኦ፣ ኧ) «አን» ይቀድመዋል፤ ከሌላ ከማንኛውም ቤት ከሆነ «ኤ»። «ዩሮፒያን» በ«የ» ቤት ስለሚጀምር «ኤ ዩሮፒያን ካንትሪ»፤ «ዋን ዌይ» በ«ወ» ቤት ስለሚጀምር «ኤ ዋን ዌይ ስትሪት»፤ «ኤክስሬይ» ግን «አን ኤክስሬይ»። ለምህጻረ ቃልም ይሠራል፦ «አን ኤምፒ»፣ «አን ኤፍኤም ስቴሽን»፣ ግን «ኤ ዩኤስ ሲቲዝን»። መፈተኛው የሚሳሳተው ድምፁ በደንብ ካልተሰማ ነው። «ይር» (ዓመት) የሚለውን «ኢር» (ጆሮ) ብሎ የጻፈ ሰው «አን ይር» ማለቱ አይቀርም፤ ትክክሉ «ኤ ይር» እና «አን ኢር» ነው። ሌላው የጽሑፉ እንከን «ስሙ» ማለቱ ነው። የሚታየው ወዲያው የሚከተለው ቃል እንጂ ስሙ አይደለም፦ «አን አፕል» የነበረው ቅጽል ሲገባበት «ኤ ሬድ አፕል» ይሆናል፤ «ኤ ማን» የነበረውም «አን ኦነስት ማን»።

ሁለተኛው ነጥብ «ዐረፍተ ነገር በመስተዋድድ አይጨረስም» የሚል ነው። ጸሐፊው «ሁ አር ዩ ቶኪንግ ቱ?» የሚለውን ሠርዘው «ቱ ሁም አር ዩ ቶኪንግ?» በሚል ተክተውታል። የተሠረዘው ፍጹም ትክክል ነው። የተተካውም ልክ ነው፤ ግን ለዕለት ንግግር ከመጠን በላይ የተኮፈሰ ነው። ክልከላው የቆየ ነው፤ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1672 የተውኔት ጸሐፊውን የቤን ጆንሰንን አጻጻፍ በዚሁ ነቅፎታል። በላቲን መስተዋድድ ከስሙ ተነጥሎ መጨረሻ ላይ አይቀመጥም፤ እንግሊዝኛ ግን ላቲን አይደለም። ተናጋሪዎቹ ከድራይደን በፊትም በኋላም በመስተዋድድ መጨረሳቸውን አልተዉም።

ነገሩ ያልተፈለገ ጥንቃቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ፤ ክልከላው እውነተኛውን ስህተት ያባብሳል። «የተቀመጥኩበት ወንበር ተሰብሯል» ስንል «በት» የምትለው ቅጥያ ግሱ ላይ ተለጥፋ የመስተዋድዱን ሥራ ትሠራለች። ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር ከሁለት አንድ ይደርስባታል። ወይ ትረሳለች፦ «ዘ ቼር አይ ሳት ኢዝ ብሮክን»። ወይ ከነተውላጠ ስሟ ትገባለች፦ «ዘ ቼር ዛት አይ ሳት ኦን ኢት ኢዝ ብሮክን»። ትክክሉ «ዘ ቼር አይ ሳት ኦን ኢዝ ብሮክን» ነው፤ «ኦን» ትገባለች፣ «ኢት» ትወጣለች። መስተዋድድ መጨረሻ ላይ ነውር ነው የተባለ ተማሪ ግን መጀመሪያ የሚሠርዘው «ኦን»ን ነው።

ለመፈተን፣ ስሙን የሚገልጸውን ሐረግ ነጥሎ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ማድረግ ነው። «አይ ሳት ኦን ዘ ቼር» ይባላል፤ «አይ ሳት ዘ ቼር» አይባልም፤ ስለዚህ «ኦን» የግድ ነች። «የኖርኩበት ቤት» በዚሁ መንገድ «ዘ ሃውስ አይ ሊቭድ ኢን» ይሆናል። «የጠበቅኩት ሰው» የሚለው ደግሞ የባሰ ያስታል፤ አማርኛው ያለ መስተዋድድ «ጠበቅኩት» ሲል እንግሊዝኛው «ፎር» ይጠይቃል፦ «ዘ ማን አይ ዌይትድ ፎር»።

ሦስተኛውን ቶሎ እንለፈው። «በ"ኤንድ" (እና) ወይም በ"ባት" (ግን) ዐረፍተ ነገር አይጀመርም» የሚል ሕግ እንግሊዝኛ የለውም። በየመስመሩ ሲደጋገም ይሰለቻል፤ ከዚያ ያለፈ ጥፋት የለበትም። መታረም የነበረበት ሁለት አያያዥ በአንድ ላይ መደረቡ ነው። «ምንም እንኳ ቢደክመውም ግን ሠራ» በአማርኛ ያስኬዳል፤ «ኦልዞው ሂ ዋዝ ታየርድ፣ ባት ሂ ወርክድ» ግን አያስኬድም። ከ«ኦልዞው» እና ከ«ባት» አንዱ ይውጣ። «ቢኮዝ» ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ «ሶ» ማስገባትም ያው ነው።

አራተኛው ነጥብ ላይ ቆም እንላለን፤ በየቀኑ የምንጠቀምበትን ነገር የሚነካ ነውና። ጽሑፉ «ፕረዘንት ፐርፌክት በቅርቡ ለተፈጸመ ድርጊት፣ ሲምፕል ፓስት ራቅ ላለ» ይላል (የመጀመሪያው እንደ «አይ ሃቭ ሲን»፣ ሁለተኛው እንደ «አይ ሳው» ያለው የግስ ቅርጽ ነው)። ይህን ሕግ ለማፍረስ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። «አይ ሳው ሂም ፋይቭ ሚኒትስ አጎ» በሚለው ውስጥ ድርጊቱ ገና አምስት ደቂቃው ነው፤ ግሱ ግን ሲምፕል ፓስት ነው፣ ፐርፌክት ቢሆን ይሳሳታል። «ዘ ኧርዝ ሃዝ ኤግዚስትድ ፎር ቢሊየንስ ኦፍ ይርስ» በሚለው ውስጥ ደግሞ ነገሩ የተጀመረው ከቢሊዮኖች ዓመታት በፊት ሆኖ ሳለ ግሱ ፐርፌክት ነው። ቅርበትና ርቀት የወሰኑት ነገር የለም።

የሚወስነው የተጠቀሰው ጊዜ አልቋል ወይስ እስከ አሁን ይዘልቃል የሚለው ነው። «የስተርደይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «ኢን 2010»፣ በ«አጎ» የሚጨርስ ሐረግ፣ በ«ዌን» የሚጀምር ስላለፈ ድርጊት የሚጠይቅ ጥያቄ፣ እነዚህ ሁሉ ያለቀ ጊዜ ያመለክታሉና ፐርፌክትን አያስጠጉም። «ሶ ፋር» (እስካሁን)፣ «ሲንስ» (ጀምሮ)፣ «ኔቨር» ሕይወትን ሙሉ ሲሸፍን፣ እነዚህ ወደ አሁን ስለሚዘልቁ ፐርፌክትን ይጠራሉ። «ዚስ ሞርኒንግ» ሁለቱንም ታስተናግዳለች፤ ገና ረፋድ ላይ ያለ ሰው «አይ ሃቭ ሪትን ቱ ሌተርስ ዚስ ሞርኒንግ» ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ያው ሰው «አይ ሮውት» ይላል። ደብዳቤዎቹ ያው ናቸው፤ ጠዋቱ ግን አልቋል።

አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ይሳሳታል። አንደኛ፣ «ትናንት አይቼዋለሁ» ንጹሕ አማርኛ ነው፤ «አይቼዋለሁ» ከ«ትናንት» ጋር አይጣላም። ቃል በቃል ሲሻገር «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» ይሆናል፤ ይህ እንግሊዝኛ አይደለም። ትክክሉ «አይ ሳው ሂም የስተርደይ» ነው። ሁለተኛ፣ «ከ2012 ጀምሮ እዚህ እሠራለሁ» ስንል አማርኛው የአሁን ጊዜ ግስ ይወስዳል፤ ስለዚህ «አይ ወርክ ሂር ሲንስ 2012» ወይም «አይ አም ወርኪንግ ሂር ሲንስ 2012» ይመጣል። ትክክሉ «አይ ሃቭ ወርክድ» ወይም «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ ሂር ሲንስ 2012» ነው። ፐርፌክት በማይገባበት እናስገባለን፣ በሚገባበት እንነፍገዋለን ማለት ነው። «ቅርብና ሩቅ» የሚለው ሕግ ከሁለቱ አንዱንም አያድንም።

ይህ ልዩነት ትርጉም ይለውጣል። በሥራ ማመልከቻ ላይ «አይ ወርክድ ዜር ፎር ስሪ ይርስ» የጻፈ ሰው ከዚያ ቦታ እንደለቀቀ ይነበባል፤ ገና እዚያው ከሆነ «አይ ሃቭ ወርክድ» ማለት ነበረበት። «ሲንስ» መነሻውን ነጥብ፣ «ፎር» ርዝመቱን ይወስዳል የሚለው የጽሑፉ ማስታወሻ ግን ልክ ነው፤ «ሲንስ ስሪ ይርስ» ሁልጊዜ «ፎር ስሪ ይርስ» ተብሎ ይታረማል። አራሚ መምህር አንድ ነገር ልብ ይበል፦ «አይ ጀስት ኤት» ወይም «ዲድ ዩ ፊኒሽ የት?» በአሜሪካ እንግሊዝኛ የተለመደ ነው። የብሪታንያው እዚያ ቦታ ፐርፌክትን ስለሚመርጥ ብቻ በቀይ አይሠረዝም።

ግማሽ እውነት ያልነው አምስተኛው ነው። «ለሚቆጠር "ፊወር"፣ ለማይቆጠር "ሌስ"» የሚለው ለመደበኛ ጽሑፍ የሚበጅ መመሪያ ነው። ጸሐፊው ግን «ሌስ ዛን ተን ሚኒትስ» የሚለውንም ወደ «ፊወር» ቀይረውታል፤ ይህ ትክክል የነበረውን ማበላሸት ነው። ጊዜ፣ ርቀትና ገንዘብ ቁጥር ቢኖራቸውም እንደ አንድ መጠን ስለሚታዩ «ሌስ» ይቀድማቸዋል፦ «ሌስ ዛን ፋይቭ ኪሎሜተርስ»፣ «ሌስ ዛን ኤ ሃንድረድ ዶላርስ»። ሕጉ ራሱ ሲነሣ ምርጫ ነበር፤ ስለ እንግሊዝኛ አጠቃቀም የጻፈው ሮበርት ቤከር እ.ኤ.አ. በ1770 «ፊወር» የተሻለ እንደሚመስለው ጻፈ፣ በኋላ የመጡት ትእዛዝ አደረጉት።

በ«ፊወር» ላይ ከመጨነቅ በፊት የትኛው ስም እንደሚቆጠር መታወቅ አለበት። «መረጃዎች»፣ «ምክሮች»፣ «ዕቃዎች»፣ «ማስረጃዎች» ማለት ስለለመድን «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «አድቫይሲስ»፣ «ኢኪፕመንትስ»፣ «ኤቪደንሲስ» እንጽፋለን። እነዚህ በተለመደው አጠቃቀም የብዙ ቁጥር «ኤስ» አይቀበሉም፤ «ፈርኒቸር»፣ «ሆምወርክ»፣ «ሉጌጅ» እና «ኖውሌጅ»ም እንዲሁ። ከፊታቸው «ኤ» ወይም «አን» አይገባም፤ ስለዚህ «አን አድቫይስ» የለም። መቁጠር ካስፈለገ «ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ»፣ «ቱ ፒሲስ ኦፍ ፈርኒቸር» ይባላል። «ኒውስ» በ«ኤስ» ቢጨርስም ነጠላ ነው፦ «ዘ ኒውስ ኢዝ ጉድ»። «ፒፕል» ደግሞ በተቃራኒው «ኤስ» ሳይኖረው ብዙ ነው፤ አማርኛው «ሰው ይላል» ብሎ በነጠላ ስለሚጨርሰው ብዙዎች «ፒፕል ሴይስ» ይላሉ፤ ትክክሉ «ፒፕል ሴይ» ነው።

በስድስተኛው ነጥብ «ኤቭሪዋን ሹድ ብሪንግ ዜር ቡክ» ተሠርዞ በ«ዜር» ቦታ «ሂዝ» ገብቷል። ጾታው ላልታወቀ ነጠላ ሰው «ዘይ» እና «ዜር» መጠቀም በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ይገኛል፤ ዛሬም ሰው ሁሉ ይናገረዋል። አይሠረዝም። መታየት የነበረበት ግሱ ነው፦ «ኤቭሪዋን ሃቭ» ስህተት፣ «ኤቭሪዋን ሃዝ» ትክክል፤ ከኋላ «ዜር» ቢመጣም ግሱ በነጠላ ይቆያል።

ሰባተኛው «ግስ የሚስማማው አጠገቡ ካለው ስም ጋር ነው» ይላል። ማስረጃ የሆነው ምሳሌ፣ «ነይዘር ዘ ቲቸር ኖር ዘ ስቱደንትስ አር ሬዲ»፣ ራሱ ትክክል ነው። ይህ ግን በ«ኦር» እና በ«ኖር» ለተያያዙ ስሞች ብቻ የተሰጠ ልዩ ሕግ ነው። ለሁሉም ካዋልነው «ዘ ሊስት ኦፍ ኔምስ አር ሎንግ» ትክክል ሊሆን ነው። ግሱ የሚከተለው የባለቤቱን ዋና ስም ነው፤ እሱን ለማግኘት ከ«ኦፍ»፣ ከ«ኢን» ወይም ከ«ዊዝ» ጀምሮ እስከ ግሱ ያለውን በእጅ መሸፈን ነው። «ዘ ሊስት … ኢዝ ሎንግ» ይቀራል፤ መልሱ ታየ። መሸፈኛው የማይሠራባቸው «ኤ ነምበር ኦፍ» እና «ኤ ሎት ኦፍ» ናቸው፤ እነዚህ እንደ «ብዙ» ቅጽል ሆነው ስለሚያገለግሉ ግሱ ከኋላቸው ያለውን ስም ይከተላል። «ዘ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ ሃዝ ኢንክሪስድ» (ቁጥሩ ጨመረ)፣ «ኤ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ ሃቭ ሌፍት» (በርካታ ተማሪዎች ሄዱ)። የ«ዘ» እና የ«ኤ» ልዩነት ግሱን ገለበጠው።

«ዋን ኦፍ ማይ ፍሬንድ አር» የሚለው ደግሞ ሁለት ስህተት በአንድ ላይ ይዟል። ከ«ዋን ኦፍ» በኋላ ስሙ ብዙ፣ ግሱ ነጠላ ነው፦ «ዋን ኦፍ ማይ ፍሬንድስ ኢዝ»። መነሻው «አንድ ጓደኛዬ» ይመስለናል፤ በልቡ «ከጓደኞቼ አንዱ» ብሎ የጀመረ ሰው ስሙን አይስተውም።

ስምንተኛው ነጥብ ተደራጊ ግስን፣ ማለትም ፓሲቭ ቮይስን፣ ጨርሶ ያግዳል። አድራጊው ካልታወቀ ወይም ካላስፈለገ ተደራጊው ተገቢ ነው፤ «ዘ ዊንዶው ዋዝ ብሮክን» ከ«ሳምዋን ብሮክ ዘ ዊንዶው» አያንስም። ሰዉ የሚሳሳተው ተደራጊ ሊሆን የማይችለውን ግስ ተደራጊ ሲያደርግ ነው። አማርኛ «አደጋ ተከሰተ»፣ «ችግር ተፈጠረ»፣ «ሰውየው ተሰወረ» ሲል ግሱ በ«ተ» ይጀምራል፤ ጆሯችን ተደራጊ ይሰማና «አን አክሲደንት ዋዝ ሃፕንድ»፣ «ዘ ማን ዋዝ ዲሳፒርድ» እንጽፋለን። «ሃፕን»፣ «ኦከር»፣ «ዲሳፒር»፣ «አራይቭ»፣ «ዳይ» ተሳቢ የማይወስዱ ግሶች ናቸው፤ ተሳቢ የሌለው ግስ ተደራጊ አይሆንም። ከግሱ ኋላ «ምንን?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። «ብሮክ ምንን?» መስኮቱን፤ ተደራጊ ይሆናል። «ሃፕንድ ምንን?» መልስ የለውም፤ «ዋዝ» ይውጣ።

ከዚሁ ሳንርቅ «ሰለቸኝ» ለማለት «አይ አም ቦሪንግ» የሚሉ አሉ። እንግሊዛዊው የሚሰማው «አሰልቺ ሰው ነኝ» የሚል ኑዛዜ ነው። ስሜቱን የሚሰማው ሰው በ«ኢዲ» ይጨርሳል፣ ስሜቱን የሚያመጣው ነገር በ«አይኤንጂ»፦ «አይ አም ቦርድ፤ ዘ ሚቲንግ ኢዝ ቦሪንግ»።

ዘጠነኛው ላይ ከጸሐፊው ጋር ነን። «ዲስከስ አባውት» ስህተት ነው፤ «ዊ ዲስከስድ ዘ ፕሮብለም» ይበቃል። አማርኛው «ስለ ችግሩ ተወያየን» ስለሚል «አባውት» በራሷ ትመጣለች። እዚያው ላይ ቢጨምሩልን የምንፈልጋቸው አሉ። «ሜሪድ ዊዝ» ሳይሆን «ሜሪድ ቱ»። «ኢንተር ቱ ዘ ሩም» ሳይሆን «ኢንተር ዘ ሩም»። «ሂ ኤክስፕሌይንድ ሚ ዘ ፕሮብለም» ሳይሆን «ሂ ኤክስፕሌይንድ ዘ ፕሮብለም ቱ ሚ»፤ «ጊቭ» እና «ቴል» ሰውን በቀጥታ ሲያስከትሉ «ኤክስፕሌይን» እና «ሰጀስት» አያስከትሉም፤ «አስረዳኝ» በምትለው «ኝ» መታለል የለብንም።

ጽሑፉ ፈጽሞ ያልነካቸውን ሁለት ነገሮች እንጨምር። ከ«ዲድ» በኋላ ግሱ ወደ መነሻ ቅርጹ ይመለሳል፤ ያለፈውን ጊዜ «ዲድ» ስለተሸከመ «ዲድ ዩ ዌንት?» እና «አይ ዲድንት ሳው» ጊዜውን ሁለቴ ይቆጥራሉ። «ዲድ ዩ ጎ?»፣ «አይ ዲድንት ሲ»።

ሁለተኛው ጥያቄ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ነው። «ዌር ኢዝ ዘ ስቴሽን?» ለብቻው ልክ ነው። «አይ ዶንት ኖው» ወይም «ካን ዩ ቴል ሚ» ሲቀድመው ግን የውስጡ ቅደም ተከተል ይስተካከላል፦ «ካን ዩ ቴል ሚ ዌር ዘ ስቴሽን ኢዝ?» አማርኛ «ጣቢያው የት ነው?» እና «ጣቢያው የት እንደሆነ ንገረኝ» ሲል የቃላቱን ቦታ ስለማይቀያይር ልዩነቱ አይሰማንም። «ዱ»፣ «ደዝ» እና «ዲድ»ም በዚሁ ሲገቡ ይጠፋሉ፤ «ዋት ዲድ ሂ ሴይ?» የነበረው «አይ ዶንት ኖው ዋት ሂ ሴይድ» ይሆናል። አዎ ወይም አይ የሚያስመልስ ጥያቄ ከሆነ በፊቱ «ኢፍ» ወይም «ዌዘር» ይጨመራል፦ «ኢዝ ሂ ሬዲ?»፣ «አስክ ሂም ኢፍ ሂ ኢዝ ሬዲ»።